ጀሪካን፣ አፈርና ልጆች፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጓሮ ሳይኖር አትክልት ለማብቀል

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ቲማቲም ለጀማሪ አይሆንም። በተለይ ደሴ ላይ፣ በተለይ ከልጆች ጋር። ሁሉም ሰው ግን የሚጀምረው በቲማቲም ነው። ሦስት ወር ከምናምን ይጠበቃል፣ መሃል ላይ ውርጭ ወይ ዝናብ ይመጣል፣ ልጆቹም በሁለተኛው ሳምንት ጉዳዩን ረስተውታል። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው በልጅ ትዕግስት ልክ ነው። ቶሎ የሚታየው ይቀድማል፣ ቆይቶ የሚደርሰው ይከተላል።

ሌላው ነገር፦ ልጆች ባሉበት ቤት በዕቃ የተተከለ አትክልት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ተጠምቶ ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው። ልጅ ውሃ ማጠጣት ይወዳል። ጠዋት ያጠጣል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያጠጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ለማሳየት ያጠጣል። ከታች የምጽፈው ግማሹ ነገር፣ ቀዳዳው፣ አፈሩ፣ የሃይላንዱ ክዳን፣ ልጁን ሳንከለክል ተክሉን ለማትረፍ ነው።

የት ነው የምትኖሩት?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ስትጨርሱ ግን ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። 1,000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መሃል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ለእኛ የሹራብ ጉዳይ ነው። ለቃሪያ ግን የማፍራትና ያለማፍራት ጉዳይ ነው።

ደሴ ላይ ያላችሁ ቅጠልና ሥር ላይ አተኩሩ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ድንብላል። ባቄላንም አትርሱ። ብርድ ይችላል፣ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ጣት ይመቻል፣ መጨረሻው ደግሞ እሸት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶልያ፣ በሶብላ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። ሰላጣም ይሆናል፣ ግን በሞቃቱ ወር ከሰዓት በኋላ ጥላ ካላገኘ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጥና ቅጠሉ ይመራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ደሴ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ሊጥል ይችላል። ቲማቲምና ቃሪያ ካልሞከርን አንተኛም የምትሉ ዘሩን ጥር መጨረሻ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ጀምሩት፣ ከየካቲት መጨረሻ ወዲህ ወደ ውጭ ይውጣ፣ የሐምሌ ዝናብ ሳይጠነክር ይለቀም። ኮምቦልቻ ላይ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መትከል ይቻላል። ክረምቱ ላይ ግን በሁለቱም ከተማ ቲማቲም ባትጀምሩ ይሻላል። ቅጠሉ ሲረጥብ የሚውል ቲማቲም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣና በሳምንት ውስጥ ክስል ይላል።

ፀሐይን አንድ ቀን ተከታተሉ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ሥራ ስጧቸው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ግቢው ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ እንዳረፈች በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ቅጠላ ቅጠል በቀን 4 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይበቃዋል። ፍሬ የሚሰጠው ሁሉ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶልያ፣ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ጦሳ ተራራ ጥግ ያሉ ቤቶች ፀሐይ ቶሎ ስለሚጋረድባቸው ቅጠል ላይ ቢቆዩ ይሻላቸዋል።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ላላችሁ ደግሞ፣ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በበጋ ፀሐይ ሞልቶት በክረምት ሊጨልም ይችላል። ኪራይ ቤት የምትኖሩም አብሽሩ፣ የዕቃ አትክልት ጥቅሙ ይኼው ነው። ቤት ሲለቀቅ ከአልጋና ከምጣዱ ጋር አብሮ ይጫናል።

ዕቃው

የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ካለ አንገቱን ቆርጣችሁ አቁሙት፣ ለአንድ ቲማቲም ወይም ለካሮት ይሆናል። ወይ ደግሞ በጎኑ አስተኝታችሁ ከላይ እንደ መስኮት ክፈቱት፣ ለሰላጣና ለድንብላል ረጅም መደብ ይወጣዋል። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለአንድ ሰላጣ ወይም ቆስጣ ይበቃል። የቀለም ባልዲ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የዱቄት ማዳበሪያ ከረጢት ሁሉም ያገለግላሉ። ዋናው ጥልቀቱ ነው። ሰላጣ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ካሮት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቃሪያ ቢያንስ የ10 ሊትር ዕቃ፣ ቲማቲም 20 ሊትር። ቲማቲምን ባነሰ ዕቃ መትከል ለራሳችሁ ሥራ ማብዛት ነው፣ በቀን ሁለቴ ይጠማል።

የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የበረኪና ወይም የሞተር ዘይት የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አትጠቀሙ። ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ከሆነ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት፣ የዱቄት ወይም የስኳር ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። ይህን ልጆች አይሠሩም። ወፍራም ምስማር በፒንሳ ይዛችሁ እሳት ላይ አግሉትና ከሥር ስድስት ሰባት ቦታ ብሱ፣ እያንዳንዱ የእርሳስ ውፍረት ያህል። ጭሱ ጥሩ ስላልሆነ ውጭ ይሠራ። ከዚያ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጎኑም ሁለት ሦስት ቀዳዳ ጨምሩ፣ የታችኛው ቢደፈን እነዚያ ያስተነፍሳሉ። ዕቃውን ሲሚንቶ ላይ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት። ሁለት ድንጋይ ወይም የተሰበረ ብሎኬት ላይ ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ቀዳዳው ተዘግቶ ጀሪካኑ ተመልሶ ጀሪካን ይሆናል።

ብዙ ሰው ከሥር ጠጠር ይደፋል፣ ውሃ እንዲያልፍ ብሎ። አያስፈልግም። ውሃ ከአፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ አፈሩ ራሱ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ጠጠሩ ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ ከመሻማት ሌላ የሚሰጠው የለም። አፈሩ እንዳይፈስ አንድ ቁራጭ አሮጌ ጨርቅ ወይም ወንፊት ነገር በቂ ነው።

ዕቃውን ከመሙላታችሁ በፊት ቦታው ላይ አድርሱት። 20 ሊትር ዕቃ እርጥብ አፈር ሲይዝ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ በኋላ ማንም አያነሳውም።

አፈሩ

ከግቢ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ብቻውን ዕቃ ውስጥ አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። የምንለካው በአንድ ቆርቆሮ ነው፦ ሁለት ቆርቆሮ አፈር፣ አንድ ቆርቆሮ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ ቆርቆሮ አሸዋ። ቀይ አፈር ካላችሁ አሸዋውን ትንሽ መቀነስ ይቻላል። አሸዋ ቤት ከሚሠራ ጎረቤት አንድ ባልዲ ቢጠየቅ የሚከለክል የለም። ከከተማ በታች ከቦርከና ዳር ግን አፈርም አሸዋም አታምጡ። የቤትም የፋብሪካም ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ነው፣ ይህ ደግሞ ልጆች የሚበሉት ነገር ነው።

ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል፣ ለጥሬ ሰላጣም አደገኛ ነው። ቢያንስ ሦስት አራት ወር የተኛ መሆን አለበት። እንዴት ይታወቃል? ሽታው። የደረሰ ፍግ የበረት ሽታ የለውም፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ በእጅ ሲፈረፈርም ጭዱ አይለይም።

ማቀላቀሉ የልጆች ነው። አንድ የተቀደደ ሸራ መሬት ላይ ዘርጉና ልቀቋቸው። ከዚያ ትንሽ ውሃ አርከፍክፉና ሁሉም አንድ አንድ እፍኝ ይጨብጥ። እጅ ሲከፈት አፈሩ ተጠቅልሎ ይቆያል፣ በአንድ ጣት ነካ ሲደረግ ይፈርሳል፣ እንዲህ ከሆነ ደርሷል። ነካ ተደርጎ እንደ ጭቃ ኳስ ከቀረ አሸዋ ጨምሩ። ጭራሽ አልጨበጥም ካለ ኮምፖስት ይጎድለዋል። ይህን ፈተና ልጆች አሥር ጊዜ ይደግሙታል፣ ይድገሙት። ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍር ውስጥ ሳይቀር።

ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት። ከላይ ሦስት ጣት ይቅር፣ ውሃ የሚያርፍበት።

ዘር

የጓዳችሁን ዕቃ ፈትሹ። ድንብላል ከቅመም ዕቃው ይወጣል፣ ብቻ ያልተቆላ ይሁን። በጠርሙስ ቀስ ብላችሁ ዳመጥ አድርጉት፣ ክቡ ፍሬ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይበቅላሉ። ያቆጠቆጠ ነጭ ሽንኩርት ካለ ፍንካቹን ለያዩና ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ጣት ጥልቀት ቅበሩ። ያቆጠቆጠ ድንች ለከረጢት ነው። ባቄላ ከገበያ ስትገዙ ያልተከካና ያልተነቀዘ ምረጡ።

የሰላጣ፣ የቆስጣ፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘር ከእርሻ ግብዓት መሸጫ ይገዛል። ማሸጊያው ላይ ያለውን የአገልግሎት ጊዜ እዩ፣ አሮጌ የካሮት ዘር አይወጣም። ለዕቃ የሚሆን ቲማቲም ከፈለጋችሁ ሮማ ቪኤፍ የሚባለውን ጠይቁ፣ አጠር ብሎ ይቆማል፣ እንደ ሐረግ አይረዝምም። ለቃሪያ ማረቆ ፋና የታወቀ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሮዝ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር ካገኛችሁ መድኃኒት ተለውሷል ማለት ነው። እሱን ልጅ አይንካው፣ ትልቅ ሰው ይዝራው።

አዘራር

ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አንድ ዕቃ ስጡት፣ ስሙም ይጻፍበት። የጋራ መደብ የጋራ ጠብ ነው። አንደኛው የሌላውን ቆፍሮ ያያል፣ በቅሏል አልበቀለም ብሎ።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የሰላጣ ዘር ከላይ ተበትኖ አፈር ነስነስ ይደረግበታል። የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ በደረቅ አሸዋ ለውሱት፣ ልጁ እንደ ጨው ይነስንሰው። ቀይ ሥርና ቆስጣ አንድ ጣት ያልሞላ ጥልቀት ይበቃቸዋል። ባቄላና ፎሶልያ እስከ ጣት ሁለተኛ አንጓ ድረስ።

ሰላጣ ከ5 እስከ 10 ቀን ብቅ ይላል። ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳሉ። ካሮት እስከ ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ደሴ ብርድ ላይ ሁሉም ወደ ረጅሙ ያደላል። ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ካሮቱ እስኪወጣ መጠበቂያ የሚሆን ነገርም አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ከግማሹ ቁረጡ፣ ሥሩን ብሱ፣ አፈር ሙሉ፣ አንድ ባቄላ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ ቅበሩ። ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ወይም በወፍራም ወረቀት ጠቅልሉት፣ ሥር ብርሃን ይሸሻል። በየማታው ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። መጀመሪያ ባቄላው ያብጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አንድ ነጭ ሥር ወደ ታች ይወጣል፣ ጠርሙሱን ብታዘነብሉት እንኳ ጎብጦ ተመልሶ ወደ ታች ይሄዳል። ከካርቱን ይልቅ ይህን የሚመርጡ ልጆች አሉ።

ችግኞቹ ሲወጡ ማሳሳት ግድ ነው። የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፣ ልጅ የራሱን ችግኝ መንቀል አይወድም። ካሮት በመሃሉ ሁለት ሦስት ጣት ካላገኘ ግን ቅጠል እንጂ ካሮት አይሆንም። የተነቀለው ሰላጣ ታጥቦ ይበላ፣ ያኔ ይስማማሉ።

ውሃ

ከሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን ላይ በቀጭን ምስማር ስምንት አሥር ቀዳዳ ብሱ። የልጁ ማጠጫ ይኼ ነው። በባልዲ የሚደፋ ውሃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል፣ ይህ ግን ያካፋል።

ከማጠጣት በፊት ጣት ይገባል። እስከ ሁለተኛው አንጓ። ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማ ዛሬ ውሃ የለም። ደረቅ ከሆነ ከሥር ጠብ ጠብ እስኪል ይጠጣ። ልጁ ማጠጣት ሲያምረው ጣቱን ያስገባና ራሱ ይወስን፣ እናንተ አትከልክሉት፣ አፈሩ ይከልክለው። አዲስ የተዘራ ዘር ብቻ ነው ከላይ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ያለበት።

ደሴ ላይ ጠዋት አጠጡ፣ ማታ የራሰ ቅጠል ከሌሊቱ ብርድ ጋር አይስማማም። ኮምቦልቻ በበጋ ማታም መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ምስር ወይም ሩዝ የታጠበበትን ውሃ አስቀምጡ። ኦሞና በረኪና የነካው ግን አይሆንም። አፈሩን ከላይ በጭድ ሸፍኑት። የቡና ጉዝጓዝ ሣር ሲደርቅ ከመጣል ይልቅ እዚህ ላይ ቢነሰነስ እርጥበቱን ይይዛል።

ከወር በኋላ ምግብ ያስፈልገዋል፣ ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ይደክማል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሁለት እፍኝ የደረሰ ኮምፖስት ከላይ ጨምሩ። ዩሪያ እንጨምር የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ማሳ ላይ ሌላ ነው፣ በትንሽ ዕቃ ግን ትንሽ ሲበዛ ያቃጥላል።

ተባይ፣ በረዶ፣ ዶሮ

ቆስጣና ጎመን ላይ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ። ትንንሽ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነገር ተጠጋግቶ ከታየ ክሽክሽ ነው። በውሃ አጥቡት። ካልሄደ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡና ጠዋት ላይ እርጩ፣ ከመበላቱ በፊት በደንብ ይታጠብ። ቀንድ አውጣ በክረምት ማታ ይወጣል፣ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም የልጆች ሥራ ነው፣ ሳትጠይቋቸው ይሰለፋሉ።

ወፍና ዶሮ ችግኝ አይምሩም። በእሾህ ወይም በአሮጌ የመስኮት መጋረጃ ሸፍኑ። አጎበር አትጠቀሙ፣ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ለምግብ አይሆንም።

ሌሊቱ ጥርት ካለ፣ ኮከቡ ከበዛና ነፋስ ከሌለ ደሴ ላይ ውርጭ ጠብቁ። ትንንሾቹን ዕቃዎች ግድግዳ አስጠጉ፣ ትልልቆቹ ላይ እንጨት አቁማችሁ ከረጢት ጣል አድርጉ፣ ከረጢቱ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አንሱት። በረዶ ሲመጣ ወደ ጣሪያው ጥግ ይግቡ፣ ግን ጠፈጠፉ ከሚወርድበት መስመር ራቅ አድርጉ፣ ከሰላጣው መሃል ጉድጓድ ይቆፍራል።

ሲደርስ

ሰላጣና ቆስጣ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ መቀጠፍ ይጀምራሉ። ከውጭ ያሉትን ቅጠሎች ቅጠፉ፣ መሃሉን ተዉት፣ ቆስጣ እንዲህ ከተያዘ ለወራት ይሰጣል። ካሮት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ትከሻው ከአፈር ብቅ ሲል አንዱን ነቅላችሁ ሞክሩ። ቃሪያ ሲለቀም ትልቅ ሰው ቢሆን ይሻላል፣ ልጅ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል።

ድንቹ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከረጢቱን አፉን ወደ ውጭ እየጠቀለላችሁ አሳጥሩት፣ ሥሩን ብሱ፣ አንድ ሁለት ስንዝር አፈር፣ ሁለት ሦስት ያቆጠቆጠ ድንች፣ ከዚያ አፈር። ግንዱ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ግማሹ እስኪሸፈን አፈር ጨምሩ፣ ከረጢቱንም ዘርጋ ዘርጋ አድርጉት። እንዲህ እየተባለ ከረጢቱ እስኪሞላ። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ሸራው ላይ ከረጢቱን መገልበጥና ልጆቹን በእጃቸው እንዲፈልጉ መልቀቅ ነው። ፀሐይ ነክቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠልም መርዝነት ስላለው ትንንሾቹ አፋቸው እንዳያስገቡ ተጠንቀቁ።

አፈሩን አትድፉት። ሥሩን ልቀሙ፣ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ኮምፖስት ጨምሩና እንደገና ተጠቀሙበት። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘመዳሞች ናቸው፣ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። የድንቹ አፈር ላይ ባቄላ ወይም ቆስጣ ዝሩበት፣ ቲማቲሙን ሰላጣ ወደነበረበት አዙሩት።